አርባ የሌለው ለቅሶ

የአማርኛ ዘፈን ሐኪም ቢሆን ኖሮ የሙያ ፈቃዱን ገና ድሮ በተነጠቀ ነበር። ፍቅረኛዬ ጥላኝ ሄደች ብሎ ለመጣ በሽተኛ ሁሉ የሚያዘው ያንኑ አምስት መድኃኒት ነው፤ ጠጣ፣ አልቅስ፣ ደጇ ላይ ቁም፣ ርገማት፣ ሙትላት። ዳነ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሽተኛው ከዳነ አልበሙን ማን ይገዛል?

የእኛ ሰፈር አዊ ውስጥ፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ አጭር ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ የሚከፈተው እንጉርጉሮ ግን ረጅም ነው። ትዳሩ የሞቀ ሰው ከእንጅባራ መናኸሪያ በደህና ይሳፈራል። መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ሲደርስ ሚስቱ ጥላው የሄደች ይመስለዋል። ዳንግላ ሲወርድ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይደውልላትና «ይቅር በይኝ፣ ተመለሽልኝ» ይላታል። እሷም ሽሮዋን እያማሰለች «ምን አድርገህ ነው? ተናገር!» ትለዋለች። ይኸው፣ ሹፌሩ በከፈተው ዘፈን የሰላም ቤት ፈረሰ።

ስለዚህ ዛሬ ልበ ሰባራው ይናገር፣ ተራቢው ይመልስ። ደንቡ አንድ ነው፤ መልስ ያጣ ሻይ ይከፍላል።

ልበ ሰባራ፦ እሷን ለመርሳት ነው የምጠጣው።

ተራቢ፦ እስካሁን የረሳኸው ሒሳብ መክፈል ብቻ ነው።

ልበ ሰባራ፦ ስጠጣ ቀለል ይለኛል።

ተራቢ፦ የቀለለው ኪስህ ነው፤ እሱንም ባለ አረቄዋ እትዬ አይተውልሃል።

ባለ አረቄዋ እትዬም ዝም አላሉም። «ልጄ፣ ልጅቷ የሄደችው አንድ ቀን ነው። አንተ ግን በየማታው እየመጣህ አዲስ አድርገህ ታወራኛለህ። እኔን ስንት ጊዜ ነው ጥላኝ የምትሄደው?» አሉት። መለኪያውን ግን ሞሉለት። ምክር በነፃ ነው፣ አረቄ በገንዘብ።

ዘፈኑ የማይነግረው ነገር ይህ ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ጠጪያችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይኑ ይፈጣል። ስልኩ ከራስጌው ነው። አረቄው ከሆዱ ወደ ጣቱ ይወርድና መጻፍ ይጀምራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የላከውን ሲያነብ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ይላል። ማን ይሆናል? እትዬ ናቸው እንዳትል።

ልበ ሰባራ፦ ልቤ ነዶ ከሰለ።

ተራቢ፦ ፋግታ ለኮማ ውሰደው፤ እዚያ የከሰለ ነገር በጆንያ ይሸጣል።

እውነቱን ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጣል፣ ያከስላል፤ ከሰሉም በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ ገበሬው ባዶው መሬት ላይ ተቀምጦ ዛፌ ሄደ ብሎ አያንጎራጉርም። አዲስ ችግኝ ያገባል፣ በመጀመሪያው ዓመትም በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራበታል። አንተ ግን ልቤ ከሰለ ካልክ ስንት ክረምት ሆነህ? አልሸጥከው፣ አልዘራህበት። ማራገቢያ ይዘህ ቁጭ!

ልበ ሰባራ፦ ደጃፏ ላይ ቆሜ ዝናብ ሲመታኝ ታዝንልኛለች።

ተራቢ፦ እንጅባራ ላይ? በሐምሌ? ዝናብ ያልመታው ማን አለና አንተን ለይታ ታዝንልህ!

አዲስ አበባ ክሊፕ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ወንድ በዝናብ ሲያለቅስ ለማሳየት ውሃ በጎማ ይረጫሉ አሉ። ምነው ወደ እኛ ብቅ ባሉ! እንጅባራ ሰኔ ከገባ ጀምሮ በነፃ ነው፤ ጉሙም ምርቃት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በክሊፑ ልጅቷ መጋረጃውን ትገልጣለች፣ እንባዋ ጠብ ይላል፣ ደረጃውን እየሮጠች ትወርዳለች። በሰፈራችን ግን መስኮቱ ይቀረቀራል፣ ወንድሟ ባትሪ ይዞ ይወጣል፣ ውሻው ይፈታል። ከውሻው ስታመልጥ የሚያጅብህ ሙዚቃ የለም።

ልበ ሰባራ፦ ብሎክ አድርጋኛለች፤ በሌላ ሲም እደውላለሁ።

ተራቢ፦ ሲም ሞልቶሃል፤ ያጣኸው ስም ነው።

ልበ ሰባራ፦ እንግዲያው እጠልፋታለሁ!

ተራቢ፦ 587።

ልበ ሰባራ፦ ምንድን ነው እሱ? አዲሱ ቁጥሯ ነው?

ተራቢ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ ነው። ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። እሷ ካደረገችህ ብሎክ ይህኛው ይረዝማል፣ ሲም ቀይረህም አትወጣበትም።

እዚህ ላይ ሳቃችንን ገታ እናድርግ። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንዲትን ወጣት ሲከታተላት የኖረ ወንድ ፊቷ ላይ አሲድ ደፍቶባት አገር ሁሉ ደንግጦ ነበር። ያ ሰው ይሠራ የነበረውን ነገር፣ መከታተሉን፣ መጠበቁን፣ እምቢታን አለመስማቱን፣ ስንቱ ዘፈን የታማኝ አፍቃሪ ምልክት አድርጎ ያሞግሰዋል? አይሆንም ያለች ሴት ደጅ ላይ የሚቆም ሰው አፍቃሪ አይደለም፤ ጎረቤት ሊጠራበት የሚገባ ሰው ነው። ይህን ሴቲቱ አታስረዳም፤ እኛ ወንዶቹ እርስ በርሳችን እንነጋገር።

እንቀጥል።

ልበ ሰባራ፦ አልገባችሁም፤ እኔ ማለት እኮ በዛብህ ነኝ።

ተራቢ፦ በዛብህን እኮ ሰብለ ወንጌል ትወደው ነበር!

(ሻይ አንድ።)

ጎጃም ተወልዶ ልቡ የተሰበረ ወንድ ሁሉ የዚያን ዕለት በዛብህ ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ቤት አለቀሰ፤ ቴዲ አፍሮ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ ውስጥ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ አዜመለት። ጥሩ። ግን መጽሐፉን ያነበበ ያውቃል፤ ሁለቱን የለያያቸው የወላጆቹ ስለትና የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነበር። ሐዲስ የከሰሱት ሥርዓቱን ነው። አንተን የለየህ የትኛው ፊታውራሪ ነው? ሦስት ቀጠሮ ላይ አርፍደህ በአራተኛው ሳትመጣ ቀረህ፣ ልጅቷም በቃኝ አለች። ይህ የባላባት ሥርዓት ጥፋት ነው እንዴ?

ልበ ሰባራ፦ እንግዲያው እመንናለሁ።

ተራቢ፦ ቻርጀር ይዘህ ነው የምትመንነው?

ልበ ሰባራ፦ ካልሆነ እስከ ሄደችበት ድረስ እከተላታለሁ።

ተራቢ፦ አንተን የመሰለ አንድ ፈረንጅ ዳንግላ ተቀምጦ ነበር።

ሜጀር ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የአገሩ ቆንስል ነበር። ሰውየው ዓባይን ወደደ፤ ዓባይ ደግሞ ማንም ቢወደው የማይቆም ነው። ተከተለው። በበቅሎ፣ በእግሩ፣ ከጣና እስከ በረሃው ተከተለው። በመጨረሻ ካርታ ይዞ ተመለሰ፣ በ1936ም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። አንተስ ልጅቷን እስከ ባሕር ዳር ተከትለህ ምን ይዘህ ተመለስክ? ጉንፋን!

እህቶቻችንም እየሳቃችሁ አትለፉ፤ ተራው የእናንተ ነው።

ልበ ሰባራዋ፦ አዲስ ልጅ ይዤ ፎቶውን እለጥፋለሁ፤ ያኛው ይቃጠል።

ተራቢዋ፦ እሱ ይቃጠል ብለሽ ምጣዱ ላይ የምትወጪው አንቺ! ለመሆኑ አዲሱ ልጅ ስሙ ማን ነው?

ልበ ሰባራዋ፦ ስሙ... ቆይ፣ ስልኬን ልየው።

ተራቢዋ፦ በይ ሻዩን ክፈዪ።

ሌላዋ ደግሞ በየወሩ በ23 ጊዮርጊስን ልትሳለም ትሄድና የአንድ ልጅ ስም ጠርታ ትመለሳለች። አግብቶ አይውለድ፣ ወልዶ አይሳም፣ ተሹሞ አይክረም። ኧረ እህቴ! ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን የገደለው አንዴ ነው፤ አንቺ በየወሩ አዲስ ክስ ትከፍቻለሽ። ልጁ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ተሹሟል፤ እርግማኑን ስታጠኚ የደረቅሽው አንቺ ነሽ። ሰው ረጋሚ ሲሆን የተረገመው ሰው ረጋሚው ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ያውም ኪራይ ሳይከፍል።

አሁን ልበ ሰባራው የመጨረሻ ካርዱን ይመዛል።

ልበ ሰባራ፦ እናንተ ትቀልዳላችሁ፤ ልቤ እኮ በእውነት ተሰብሯል።

ተራቢ፦ እሺ፣ ሐኪም ይየው።

ሐኪምም አይቶታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የጃፓን ሐኪሞች ከብርቱ ሐዘንና ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የልብ ሕመም መዝግበዋል። የልብ ግራ ክፍል ድንገት ይደክማል፣ ደረት ይወጋል፣ የልብ ደም ሥር የተዘጋ ያስመስላል። ዘፋኞቻችን ልብ ይሰበራል ሲሉ አልዋሹም ማለት ነው። የዋሹት ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ሐኪም ያየው የተሰበረ ልብ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዘፋኝ ያየው ግን ሁለተኛ አልበም፣ ሦስተኛ አልበም፣ የምርጦች ስብስብ ድረስ እንደተሰበረ ነው።

ሌላም አለ። በ2011፣ አሁንም በአውሮፓው አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቅርቡ ፍቅረኛ የተለያቸውን 40 ሰዎች አንጎል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው የጣሏቸውን ሰዎች ፎቶ አሳዩአቸው። አካል ሲቃጠል የሚነቃው የአንጎል ክፍል ነቃ። እንግዲህ ፎቶዋን ለማየት በቀን ሠላሳ ጊዜ ስልክህን የምትከፍት ጎበዝ፣ ለምን ያመኛል አትበለን። ጣትህን እሳቱ ላይ ያሳረፍከው ራስህ ነህ፤ ያውም ጥቅል ገዝተህ፣ በዳታ!

ልበ ሰባራ፦ ታዲያ ትዝታ አልስማ ነው የምትሉኝ?

ተራቢ፦ ስማ እንጂ! ጥያቄው ስንት ሰዓት ላይ ትዘጋዋለህ ነው።

ትዝታን የሚነካ እጁ ይሰበር። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። ፈረንጆቹም ኢትዮጵክስ በተባለው የሲዲ ዝርዝር አሥረኛውን ለትዝታና ለቀዘቀዙ ዜማዎች ሰጥተውታል። ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን ያስቀረጸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ነው። ከዚያ ወዲህ 50 ዓመት አለፈ፤ ጥያቄው በዓለም ሁሉ ዞረ፣ ተጨፈረበት፣ ተጨበጨበለት፤ መላውን ይዞ የመጣ ግን የለም። ማሕሙድ ግን የራሱን ድርሻ ተወጥቷል፤ ጠይቋል። መልሱ የእኛ ሥራ ነበር።

ናፍቆትም ሁሉ በሽታ አይደለም። የቻግኒዋን ልጅ እጅጋየሁ ሽባባውን፣ ጂጂን እዩ። አሜሪካ ተቀምጣ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አልበም ናፍቆት የሞላበት ነው። ነገር ግን ናፍቆቷ አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ተኮራምቶ አልቀረም። ተነስቶ ዓባይ ደረሰ፣ ዓድዋ ደረሰ፣ የባለ ዋሽንቱን መንደር አቋረጠ። ከአዊ ምድር የወጣ ናፍቆት እንዲህ ሲሄድ እያየን፣ የእኛ ናፍቆት ከልጅቷ የፌስቡክ ገጽ ወጥቶ አያውቅም።

ዋናው ለውጥ የመጣው ዘፈን ከምንሰማበት መሣሪያ ነው። ካሴት በነበረ ጊዜ ሐዘን ጎን ነበረው። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በ30 ደቂቃ ጎኑ ያልቃል፤ ልታገለብጠው ከአልጋ ትነሳለህ። ያችን ዘፈን ደግመህ ልትሰማ በእስክሪብቶ ስታጠነጥን እንባህ ይደርቃል። ድንጋዩ ያልቃል፣ አባትህ ዜና ሊሰሙ ቴፑን ይወስዱታል። አሁን ዩቲዩብ አያልቅም፤ አንድ ክህደት ሰምተህ ሳትጨርስ ሃያ ክህደት አሰልፎ ይጠብቅሃል። ጆሮህን በማዳመጫ ደፍነሃል፤ አባትህም እንኳ ቢገቡ አትሰማም።

ከካሴት በፊት ደግሞ አዝማሪ ነበር፤ የተሰበረ ሰው ከአዝማሪ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ማንም ዝም አይለውም። ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ከማዶ የተቀመጠው ቀልደኛ ሌላ ግጥም ይወረውርበታል፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል፣ ባለ ሐዘኑም ሳይወድ ጥርሱ ይታያል። ማሲንቆ ባለበት ሁሉ መልስ የሚሰጥ ሰው ነበረ። የጆሮ ማዳመጫ መልስ አይሰጥም። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ትናንትም ነግረኸኝ ነበር» የሚል ማዳመጫ እስካሁን አልተሠራም፤ ቢሠራ ግማሹ ሰው ይድን ነበር።

ልበ ሰባራ፦ እሺ፣ ሐዘኔን ዋጥ አድርጌ ልቀመጥ?

ተራቢ፦ ማን ዋጥ አለህ? አልቅስ። በደንብ አልቅስ። ግን ቀን ቁረጥ።

ሞት እንኳ በእኛ አገር ቀን አለው። ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ እድር ድንኳን ይተክላል። ያው እድር በቀኑ መጥቶ ድንኳኑን ይነቅላል፤ ለቀስተኛውን ገና አልጠገብክም ወይ ብሎ አይጠይቅም። ባልቴቶቹ ይመጡና «በቃ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ራስሽን ተሠሪ» ይላሉ። አባቱ የሞተበት ሰው በአርባው ወደ ሥራው ተመልሷል። ለስምንት ወር ያወቃት ልጅ የሄደችበት ግን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እሷ በሕይወት አለች፤ ዳንግላ ገበያ ላይ ቅዳሜ ድንች ስትገዛ አይተናታል። ቆማ የምትሄድን ሰው ለሦስት ዓመት ማልቀስ ምን የሚሉት ወግ ነው?

የዘፈናችን ጥፋት ማስለቀሱ አይደለም። ጥፋቱ ለቅሶውን አስጀምሮ ድንኳን ነቃይ አለመላኩ ነው።

ወደ ፈረሰኞቻችን እንሂድ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያደባባዩን አቧራ ያስነሳዋል። ፈረስ በአዊ ለሠርግም ይወጣል፣ ለለቅሶም ይወጣል። በዚያ ሜዳ የወደቀ ፈረሰኛ ሞልቷል። ወድቆ ግን አቧራው ላይ እንደተጋደመ ስለ መውደቁ አልበም ያወጣ የለም። ይነሳል፣ ልብሱን ያራግፋል፣ ሕዝቡ ይስቅበታል፣ እሱም ይስቃል፣ ኮርቻውን ያጠብቃል።

ልበ ሰባራ፦ እኔ ፈረስ የለኝም።

ተራቢ፦ የለህም፤ አቧራው ላይ የተኛኸው ግን አንተ ነህ!

(ሻይ ሁለት፤ ዳቦም ይጨመር።)

አንድ ነገር ግን አንተርብም። ወዳጃችሁ መኖር ሰልችቶኛል፣ ራሴን ላጥፋ ካለ፣ የዘፈን ቃል ነው ብላችሁ አትለፉት። ያን ሌሊት ብቻውን አይደር፤ አብራችሁት እደሩ። ገመዱን፣ መርዙን፣ ጩቤውን ከአጠገቡ አርቁ። ሲነጋ እጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ለቤተሰቡም ንገሩ። ይከፋኛል ቢል ይክፋው፤ ሰው ከሞተ በኋላ የሚነገር ቁም ነገር የለም።

ለሌሎቻችሁ ፍርዱ ይህ ነው። ዘፋኞች ሆይ፣ ማስለቀሱን ቀጥሉ፣ የበረታችሁበት ነው። ግን ከአሥር ዘፈን አንዷ ላይ እንኳ ሰውየው ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ሥራ ሲገባ አሳዩን። ሹፌሮች ሆይ፣ አዲስ ቅዳም ላይ ስትደርሱ ዘፈን ቀይሩ፤ ትዳር ያለን ሰዎች ተሳፍረናል። የልበ ሰባራ ጓደኞችም ሆይ፣ ወዳጃችሁን ከማዳመጫው ጋር ብቻውን አትተዉት። አርባ ቀን አብራችሁት አልቅሱ፤ በአርባ አንደኛው ግን ተርቡት።